አልጋ ሳይሆን መደብ
ታክሲ ሆኖ የምናውቀውን ሃይስ ማደሪያ አድርጎ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሊሰነብትበት ላሰበ ሰው ምክሬ አንድ ነው፦ ቋሚ አልጋ አያስገባ፣ መደብ ያሠራ። መኪናው ከውጭ ሲለካ እንኳ ወርዱ 1.7 ሜትር ገደማ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ በአግድም በተዘረጋ አልጋ ላይ ረዘም ያለ ሰው እግሩን አጥፎ ያድራል። የግራውን ግድግዳ ተከትሎ በቁመቱ የሚሄድ የእንጨት መደብ ግን ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው። አያቶቻችን በጎጆ ቤት ያወቁበት ጥበብ ነው፤ በጠባብ ቤት አንድ ዕቃ ለአንድ ሥራ ብቻ ቦታ አይዝም። የ20 ሊትሩ የውሃ ጀሪካንም ከመደቡ ሥር ይግባ፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነውና ከፍ ብሎ ከተሰቀለ መኪናው ኩርባ ላይ ይወዛወዛል። በቀኝ በኩል፣ በጎኑ ተንሸራታች በር ፊት ያለው ወለል ደግሞ ባዶ ይቅር፤ በዚህ አልደራደርም። ማለዳ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል አጠገብ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የተባሉት ወፎችም አንገታቸውን ሰብረው የዓሣ ሆድቃ ሲጠብቁ እያዩ ቡና የሚጠጣው እዚያ ተቀምጦ ነው። ይህን ቦታ ለቁም ሣጥን መስጠት ሐይቁን ትቶ ግድግዳ ማየት ነው። ቡናው ሲፈላ ግን ከሰሉ መኪናው ውስጥ አይነድ፤ ጭስ ባይታይም መርዙ ይገድላል፣ ማንደጃው ደጅ ይሁን። መስኮቶቹ የትንኝ መረብ ይኑራቸው፤ ማታ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣም መኪናው ከውሃው ራቅ ብሎ ይቁም።