በዛብህን እንውደደው፣ በዛብህን ግን አንሁን



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ምሽት መዝናኛ ክበብ ተሰብስበን፣ አንዱ ጓደኛችን በስልኩ ያስቀመጠውን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ድራማ ስናይ ነበር። በዛብህ መጽሐፉን ይዞ ከሰብለ ወንጌል ፊት ሲቀመጥ አንዱ ልጅ ብድግ አለና፣ «እኔስ ገጠር የተመደብኩ ቀን የኔን ሰብለ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የማገኛት!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

አንዲት እኅታችን ግን አልሳቀችም። ስንወጣ፣ «ምነው አኮረፍሽ?» ብላት፣ «እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። መምህሩ ወደዳት ተባለ። እሱ ተዛውሮ ሄደ፤ እሷን አባቷ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ዳራት። እናንተ የምትስቁበት ይሄ ነው» አለችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ የእሷ ቃል ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ከወረቀት ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ዓይን እየተሻገረ የኖረ የወጣቶች የፍቅር ታሪክ ነው። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የጎጃም ልጅ ነበሩ። መጽሐፉን ለማንበብ ላልታደለው ሕዝብ አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ተረከለት፤ ያ ድምፅ ዛሬም ከየስልኩ ይሰማል። በ2009 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ ታሪኩን በዜማ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀረበ።

ስለዚህ ታሪኩ ከቋንቋችን ጋር ተዋህዷል። እውነቱን ደፍሮ የሚናገረውን ሰው «ጉዱ ካሳ» እንለዋለን፤ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቀው ሰው እንኳ ይለዋል። ከዚህ ከባሕር ዳር ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳ ሲደርስ፣ «የበዛብህ አገር!» ብሎ በመስኮት ይመለከታል፤ በልብ ወለድ የኖረ ሰው እውነተኛ አገር ተሰጥቶታል ማለት ነው። እሑድ ከሰዓት በጣና ዳር ብትዘዋወሩም ሐይቁን ከኋላቸው አድርገው ፎቶ የሚነሱ ጥንዶች አታጡም። «እስከ መቃብር» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ደስ ይላል፤ ማንም አይከለክላቸውም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ፣ አንድ ታሪክ እንዲህ ሲወደድ ጣፋጩ ይቀርና መራራው ይረሳል። እኛ የረሳነው ደግሞ ለሙያችን ዋናውን ነገር ነው፤ በዛብህ የሰብለ አስተማሪ ነበር!

«ኧረ ተው! ሰብለ እኮ ሕፃን አልነበረችም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ሰብለ ወንጌል አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለጋብቻ የመጣውን ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ሲመልሱ የእኩዮቿ የመዳሪያ ጊዜ ያለፈባት ሴት ነበረች። በዛብህም በጉልበትም በማስፈራራትም አልቀረባትም። ሐዲስ ሊያሳዩን የፈለጉት የመሳፍንቱን ትዕቢትና ሰውን በዘሩ የሚመዝነውን ሥርዓት ነው። እኔም በዛብህን ልከሰው አልተነሣሁም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። የምለው፣ እኛ የምንመደብበት ክፍል የፊታውራሪ መሸሻ እልፍኝ አይደለም ነው። እዚያ የምትቀመጠው የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ናት። ማርክ የሚሰጣት መምህሩ ነው፤ የሚያሳልፋትና የሚጥላት እሱ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ «እሷም ወዳኛለች» ማለት ምን ማለት ነው? እምቢ ማለት የማትችል ልጅ እሺ ብትል እሺታዋ ከየት መጣ?

በዓለምም እንዲሁ ነው። ክቡር ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን የሮሜዎና የዡልዬትን ታሪክ፣ ጣሊያናዊው ፍራንኮ ዜፊሬሊ እ.ኤ.አ. በ1968 ፊልም ሲያደርገው ሁለቱን ዋና ገጸ ባሕርያት ገና 20 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ሰጠ። ፊልሙ ዝነኛ ሆነ፤ በየአገሩ ትምህርት ቤት ታየ፤ ከእርሱ በኋላ ለተሠሩ የወጣቶች የፍቅር ፊልሞችም አርአያ ሆነ። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ፣ ሁለቱ ተዋንያን ልጆች ሳለን ራቁታችንን ተቀረጽን ብለው የፊልም ኩባንያውን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ2023 ክሱን አልተቀበለውም። ይሁንና ነገሩ ያሳስባል። ተመልካች «ፍቅር» ብሎ ያጨበጨበለትን፣ ልጆቹ ሲያረጁ በሌላ ስም ጠሩት።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ 18 ዓመት ካልሞላው ልጅ ጋር የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድርጊት ይቀጣል፤ ልጁ የአጥፊው ተማሪ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ለምን ይከብዳል ብላችሁ ጠይቁ። አደራ ስለ ተበላ ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ገበሬው ልጁን ከከብት ጥበቃ ቀንሶ፣ እናት ከውኃ መቅዳቱ ተቸግራ ሲልኳት መምህሩን አምነው ነው። ያ እምነት ሲፈርስ የሚዘጋው የአንዲት ልጅ ደብተር ብቻ አይደለም። ጎረቤቱም፣ «ይቅር፤ የኔም ልጅ ቤቷ ትቀመጥ» ይላል። አንዱ መምህር ባጠፋው የመንደሩ ሴቶች ልጆች ሁሉ ይቀጣሉ። እኛ ሄደን «ሴት ልጅ ትማር» ብለን ብንሰብክ ማን ይሰማናል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ድራማው ይቅር፣ ዘፈኑ ይዘጋ አልልም። እንዲህ ያለ ነገር የሚል ሰው ወጣት ሆኖ አያውቅም። በእኔ በኩል ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ድራማውን ያየን ሁሉ መጽሐፉን እናንብበው። ሐዲስ ያሳዩን ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ ብቻ አይደለም፤ ጉዱ ካሳ ሲሟገት፣ ገበሬው ሲማረር፣ አንዲት ሴት የራሷ ሕይወት በአባቷ እጅ ሲጠፋባት ነው። የሰብለ መከራ በልጅቷ ላይ ሌላ ሰው መወሰኑ ከሆነ፣ መምህር በተማሪው ዕጣ ላይ ሲወስን ከበዛብህ ይልቅ ፊታውራሪ መሸሻን ይመስላል።

ሁለተኛ፣ የአማርኛ መምህራኖቻችን ይህንኑ ጥያቄ ለክፍል ውይይት ቢያቀርቡልን። ስለ ትምህርት ማስተማሪያ ዘዴ ብዙ እንማራለን፤ ስለ መምህርና ተማሪ ርቀት ግን ስንት ሰዓት ተነጋገርን?

ሦስተኛ፣ ተግባራዊ ሥርዓት ከአሁኑ እንልመድ። ተማሪን ለብቻ የምናስጠናበት ክፍል በሩ ክፍት ይሁን። ደብተር ለማረም ልጅ ወደ ተከራየንበት ቤት አትምጣ። ባልንጀራችን ሲሳሳት ስናይ «የግሉ ጉዳይ ነው» ብለን አንለፈው።

ያ የሳቀው ጓደኛችን ክፉ ልጅ አይደለም። በማግሥቱ ያችን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነገር ስነግረው አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ እኮ ለቀልድ ነው» አለኝ። አውቃለሁ፣ ለቀልድ ነው። ነገር ግን ሰው ደጋግሞ የሳቀበትን ነገር አንድ ቀን ቁም ነገር ያደርገዋል።

ወጣቶች ነንና እናፈቅራለን። እኩያችንን፣ እሺም እምቢም ማለት የምትችለዋን እናፍቅር። የክፍላችን ሰብለ ግን ትማር፤ አድጋ የምትወደውን ራሷ ትምረጥ። የእኛ ድርሻ እስከዚያ ድረስ ደብተሯ እንዳይዘጋ መጠበቅ ነው።

ተቃራኒ አስተያየት ያላችሁ ጽፋችሁ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ እንወያይበት።

ከአንድ ሰልጣኝ