ያቃጠልነው ስፖንጅ



ባለፈው የጽዳት ዘመቻ የተቀዳደደ የወንበር ስፖንጅና የተሰበረ የሞኒተር ሽፋን ከዶርም ጀርባ ሰብስበን አቃጠልን። ኒያችን ኸይር ነበር። ጥቁሩ ጭስ ወደ ዶርሙ ሲገባ ግን አፍንጫችንን ይዘን ዝም አልን። ተሳስተናል።

በድሮ ወንበሮች ስፖንጅና በኮምፒውተር ፕላስቲክ ውስጥ እሳት ቶሎ እንዳይይዛቸው ተብለው የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ። ከእነዚህ ፒቢዲኢ የሚባሉት ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቀው አይቀሩም፤ ቀስ በቀስ እየወጡ ከክፍሉ አቧራ ጋር ይቀላቀላሉ። አቧራው እጃችን ላይ ያርፋል፣ ከእጃችን ወደ አፋችን ይገባል። በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፤ የታይሮይድ ሆርሞንን ሥራ ያውካሉ። ይበልጥ የሚያሰጉት ለጽንስና ወለል ላይ ለሚድሁ ሕፃናት ነው። ላቡን በየቀኑ የሚጠርጉልን እናቶችም ልጆች አሏቸው። ሲቃጠሉ ደግሞ ዳይኦክሲን መሰል የባሰ መርዝ ይወጣል፤ እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ሁለቱን የፒቢዲኢ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ2009፣ ዴካ የተባለውን በ2017 እንዲወገዱ ወስኗል። ውሳኔው ግን ቀድሞ ተሠርቶ ላባችን የገባውን አሮጌ ኮምፒውተር አያጠራውም። በደብረ ታቦር ብርድ መስኮት ዘግተን ስለምንውል አቧራውም አብሮን ይውላል።

«እኛ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ እናደርጋለን» የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነት አለው። በአሜሪካ ቦስተን በቢሮ ሠራተኞች ላይ ተጠንቶ በ2011 የታተመ ጥናት፣ ቶሎ ቶሎ በሚታጠቡት እጅ ላይ የተገኘው ፒቢዲኢ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ነገር ግን የዙሁርን ውዱእ አድርገን፣ ሰግደን፣ ላብ ገብተን ኪቦርድ ስንነካካ ቆይተን በዚያው እጅ ሳምቡሳ እንበላለን። ከላብ ስንወጣ በሳሙና መታጠብ ምን ይከብደናል?

ከመንገድ ላይ የሚጎዳን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ጎጂውን አንስቶ በጭስ መልክ ለጎረቤት መላክ ግን ማንሳት አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዘመቻ በደረቅ መጥረጊያ አቧራ ማስነሳቱን ትተን በእርጥብ ጨርቅ እንወልውል። የተሰበረውን ዕቃ ለንብረት ክፍል እናስረክብ፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በየሜዳው የሚጣልና የሚቃጠል እንዳልሆነ በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብም ይደግፈናል። የማስረከቢያውን ደብዳቤ አዘጋጅተናል፤ ከጁሙዓ በኋላ መስጂዱ በር ላይ እየቆማችሁ ፈርሙልን።