ሚዛን በሳምንት አንዴ ይበቃል

በረመዳን ክብደት ለመቀነስ ያሰቡ ወንድሞችና እህቶች በየቀኑ፣ አንዳንዴም ከኢፍጣር በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጡ እናያለን። እኛ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል እንላለን።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ጾመኛ ውኃ ሳይጠጣ ስለሚውል አመሻሽ ላይ ክብደቱ ቀለል ይላል፤ ሲያፈጥርና ሲጠጣ ይመለሳል። የጎደለው በአብዛኛው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሰው ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ይደነግጥና ሱሑር መተው ይጀምራል። ሱሑር ግን በረካ ያለበት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው፤ ለኪሎ ተብሎ አይተውም።

ሱረቱል ሙጠፊፊን በሚዛን የሚያጎድሉትን ያስጠነቅቃል። ጥሊሊ ገበያ ገብስና ድንች ስንሸጥ የምንጠነቀቀውን ያህል ራሳችንንም በሐቅ እንመዝን፦ በየሳምንቱ ጁሙዓ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ሚዛን፣ በቀላል ልብስ።

በየቀኑ መመዘን ያለበት ማዕዳችን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንድንተው መክረዋል። በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳና ጣፋጩ ሲበዛ የቀኑ ጾም ማታ ይካካሳል። ስኳር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ ክብደት ለመቀነስ አይነሱ፤ ለታመመ ሰው አላህ ራሱ ጾሙን አግርቶለታል።

የምንጾመው ለአላህ ብለን ነው። ኪሎው ከቀነሰ ትርፍ ነው፤ ባይቀንስም ኒያችን አይጉደል። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።