ባቡሩን ማን ይንዳው? ዓይኑንስ ማን አየለት?!

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። የራሴም እጅ አለበት። ሹሙን፣ ቢሮውን፣ ቀበሌውን ስንወቅስ የምንከርም ሰዎች አልፎ አልፎ የገዛ ጉዳችንንም ማውጣት ይኖርብናልና እነሆ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ነው። እኔ ያኔ ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ተመርቄ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። «ተቀምጫለሁ» ስል የእውነት መቀመጥ ነው፤ አራት ኪሎ፣ ድንጋይ ላይ፣ ጋዜጣ እየተከራየሁ። ሥራ የፈለገ ሰው አራት ኪሎን ያውቃታል። እዚያ ጋዜጣ ተከራይቶ፣ የክፍት ሥራ ቦታ ገጹን ገልብጦ፣ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ ለባለቤቱ መመለስ ነው። (ይህን ጋዜጣ ግን ገዝታችሁ እንደምታነቡት ተስፋ አደርጋለሁ!)

«ሠልጣኝ ባቡር አሽከርካሪ» የሚለውን ማስታወቂያ ያየሁት እዚያ ነው። ያወጣው ለሌላ መሥሪያ ቤት ሰው የሚመለምል አንድ ኤጀንሲ ነበር። ስሙን አልጠራም። መስፈርቱ ዲፕሎማ፣ ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ፣ ሙሉ ጤንነት፣ ተያዥ ማቅረብ የሚችል ይላል። የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት! ይህች «ዜሮ ዓመት» የምትባል ነገር ለኛ ቢጤው ምን ያህል እንደምትጣፍጥ ሥራ ፈልጎ የማያውቅ ሰው አይገባውም።

ደግሞስ ባቡር! አያቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ያ በ1890 ዓ.ም ከጂቡቲ ተነስቶ፣ በ1895 ድሬዳዋ ገብቶ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ 1909 ዓ.ም የሆነበት የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እኛን ጭምር አሳድጎናል ማለት ይቻላል። ቤታችን ውስጥ «ባቡር ነጂ» ማለት ከ«ዶክተር» የማያንስ ስም ነው። ለገሃር የምንለው «ላ ጋር» የሚለው ፈረንሳይኛ መሆኑን እንኳ የሰማሁት ከሳቸው ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሳይ ልቤ ዘለለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሄጄ ተሰለፍኩ። ከኔ በፊት የመጣ መዓት ነው። ዋናውን ከነኮፒው፣ ኮፒውን ከነኮፒው እያቀረብን፣ ፎቶ ግራፍ ጎደለ እየተባልን፣ በሦስተኛው ቀን ተመዘገብን። የጽሑፍ ፈተናም ተፈተንን። ስለ ባቡር አንድም ጥያቄ አልነበረበትም፣ ይለፈን። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ዓይን ምርመራው ነው።

ክፍሉ በሩ ክፍት ነው። እኛ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረናል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት መጽሐፍ አለች፤ በየገጿ ባለቀለም ነጠብጣብ፣ በነጠብጣቡ መሐል የተሸሸገ ቁጥር። ኢሺሃራ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1917 ያሳተማት ናት፤ የኛ ባቡር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት መሆኑ ነው። ጤነኛ ዓይን «8» ብሎ ያነበበውን ገጽ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው «3» ይለዋል። 29ኙ 70፣ 74ቱ ደግሞ 21 ሆኖ ይታየዋል። የመጀመሪያው ገጽ 12 ነው፤ እሱ ለሁሉም ይታያል፣ አሠራሩን ለማስረዳት የተቀመጠ ነው።

እንግዲህ አስቡት። መጽሐፏ አንድ፣ የገጿ ተራ አንድ፣ በሩ ክፍት። ከውስጥ «12፣ 8፣ 29...» ሲባል ኮሪደር ላይ ያለነው እንደ ሎተሪ ቁጥር እንሰማለን። የወጣው ሁሉ ደግሞ ለቀረው ያድላል። እኔም በቃሌ ያዝኩት፤ ባያስፈልገኝም ያዝኩት።

ከኋላዬ የተሰለፈ ልጅ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና «ወንድሜ፣ በናትህ አንዴ ድገምልኝ» አለኝ። ለምን እንደፈለገው ስጠይቀው በጆሮዬ ነገረኝ። ልጅ ሆኖ ቀይ እስክሪብቶና አረንጓዴ እስክሪብቶ ሲያምታታ አስተማሪው ይገርፉት እንደነበር፣ በርበሬ ቀይ ይሁን ቃሪያ እናቱን እየጠየቀ እንዳደገ ነገረኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተራችን እስኪደርስ አስጠናሁት። «ከ29 ቀጥሎ?» ስለው ይመልሳል። ሲስት አርመዋለሁ። ገባ፣ አንድም ሳይስት ወጣ፣ አቅፎ አመሰገነኝ። ቸር ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ!

እኔ አልተቀጠርኩም። ቃለ መጠይቁ ላይ «ማን ነው የላከህ?» ስትለኝ «ማስታወቂያው ነው እህቴ» አልኳት፣ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ተያዥም አልነበረኝም፤ ዘመዶቼ ወይ ጡረተኛ ወይ ነጋዴ ናቸው፣ ኤጀንሲው ደግሞ ደሞዝተኛ ካልሆነ አልቀበልም አለ። ልጁ ግን ተጠራ። ይህን ያነበበ «ቅናት ነው የሚያጽፈው» ቢለኝ አልቀየምም። የመጀመሪያውን ዓመት በርግጥ ቅናት ነበር።

በ2013 ዓ.ም ሜክሲኮ አደባባይ ተገናኘን። ቡና ጋበዘኝ፣ ሒሳቡንም ከፈለ። አግብቷል። ሥልጠናውን ጨርሶ ይነዳል፤ የት እንደሆነ አልናገርም። «ምልክቱንስ እንዴት ነው የምታየው?» አልኩት። ወዲያ ወዲህ አለና ነገረኝ። የዚህ ሙያ ደንብ ምልክቱን በጣት እያመለከቱ፣ ቀለሙን ጮክ ብሎ መጥራት ነው። ከጃፓንና ከቻይና የመጣ ጥሩ ልማድ ነው፤ እጅም አፍም ሲሠራ አእምሮ አይተኛም። አብሮት የሚሆነው ባልደረባው «አረንጓዴ!» ብሎ ሲጠራ እሱ ጣቱን ቀስሮ «አረንጓዴ!» ብሎ ይደግማል።

ጎበዝ! ኮሪደር ላይ እኔ ያልኩትን ሲደግም የነበረው ልጅ ዛሬም ሌላ ሰው ያለውን እየደገመ ነው። ልዩነቱ ያኔ ከኋላው የተሰለፈው ሥራ ፈላጊ መሆኑ፣ አሁን ግን ሕዝብ መሳፈሩ ነው።

«መኪናስ ስንቱ ይነዳ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። የመኪና መብራት ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነው፤ ቀለሙ ቢምታታበትም በቦታው ይለየዋል። ሐዲድ ላይ በጨለማ ከሩቅ የሚታየው ግን አንዲት ነጠላ መብራት ናት፤ ላይና ታች የላትም። ደግሞም ባቡር እንደ መኪና ጠምዝዞ አያመልጥም። አያቴ «ባቡር መሪ የለውም፣ ያለው ፍሬንና ነጂው ነው» ይሉ ነበር። ብረት በብረት ላይ ነውና የተጫነ ባቡር ፍሬን ቢይዝም ለመቆም ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሊሄድ ይችላል። የአዲስ አበባ ጂቡቲ አዲሱ መስመር የመንገደኛ ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥበት ታስቦ የተሠራ ነው። በዚህ ፍጥነት «ቀይ ነው እንዴ?» ብሎ ማሰቢያ ጊዜ ከየት ይመጣል?

የዘመኑ ባቡር ምልክቱን በማሽን ያነባል የሚሉኝ አሉ። እሺ። ነጂው ቢተኛ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያም አለ። ነገር ግን ያ መሣሪያ ሰውየው መንቃቱን እንጂ የትኛውን ቀለም እንዳየ አይጠይቅም። ማሽኑ የተበላሸ ዕለት ደግሞ የሚቀረው ዓይን ነው። እዚህ አገር ማሽን አይበላሽም የሚል ሰው ካለ በ2014 ዓ.ም አካባቢ ከቀላል ባቡሩ 41 ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው የነበሩበትን ጊዜ ያስታውስ።

እኛ ቤት ባቡር ሲነሳ 1977 ዓ.ም ሳይነሳ አይቀርም። በዚያ ዓመት ጥር ወር አዋሽ ላይ ባቡሩ መታጠፊያው ጋ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ 428 ሰው ሞተ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት ውስጥ የሚቆጠር ነው። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። አያቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ስለ ሐዲዱም ስለ ድልድዩም አይደለም፤ «ያ ነጂ» ነበር የሚሉት፣ «ያ ነጂ...» ብለው ዝም ይላሉ። የዚያ ነጂ ችግር የዓይን ነው አላልኩም። አንድ ሰው እጅ ላይ ስንት ነፍስ እንደሚጫን ለማለት ነው።

ይህ የዓይን ነገር የዛሬ ግኝት ቢሆን ባላስገረመኝ። ስዊድን ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1875 ላገርሉንዳ በሚባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 9 ሰዎች ሞቱ። ሆልምግሬን የሚባል ፕሮፌሰር ነገሩ የቀለም መምታታት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ፤ የዚያ አደጋ መንስዔ እሱ ስለመሆኑ በኋላ የመጡ አጥኚዎች ተከራክረውበታል። እሱ ግን በአንድ መስመር ላይ የሚሠሩ 266 የባቡር ሠራተኞችን መረመረ፤ 13ቱ ቀለም የሚምታታባቸው ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ምርመራው ግዴታ ሆነ። ምን ይዞ መረመራቸው መሰላችሁ? በልዩ ልዩ ቀለም የተነከረ የሱፍ ክር! ክምር ክሩን ከፊታቸው አስቀምጦ «ይህን የሚመስለውን ምረጥ» ነው የሚላቸው። ቁጥር የለው፣ ተራ የለው፣ ምኑ ይሸመደዳል? የዛሬ 150 ዓመት ግድም በክር የተሠራውን ምርመራ እኛ በታተመ መጽሐፍ ማበላሸታችን ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። መጽሐፏ ጥፋት የለባትም። በሩን መዝጋትና ገጹን ማቀያየር ምን ያስወጣ ነበር? ሳንቲም አያስወጣም!

ደግሞ እናስተውል፤ ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ይህ ነገር በአብዛኛው ከእናት በኩል በዘር የሚወረስ፣ በወንዶች ላይ የሚበዛ ነው፤ በሽታ እንኳ ለማለት ይከብዳል። በዲፕሎማው ጥገና ክፍል ገብቶ ቢሠራ ግሩም ሠራተኛ ይሆን ነበር። ይህንኑ ቡናው ላይ አልኩት። «ራስህ ሂድና ንገራቸው፣ ወደ ጋራዡ ያዛውሩህ» አልኩት።

«ተያዤስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው አፌ የተያዘው። ለካ ሠልጣኝ ሆኖ ሲገባ ውል ፈርሟል። ይህን ያህል ዓመት ሳያገለግል ከነጂነት ቢወጣ የሥልጠናውን ወጪ ይከፍላል፣ እሱ ካልከፈለ ተያዡ ይከፍላል። ተያዡ የሚስቱ አጎት ናቸው፤ አምስት ልጅ የሚያሳድጉ የመንግሥት ሠራተኛ። «እውነቱን ብናገር አጎቷን ነው የማስከፍላቸው» አለኝ። ተያዥ የሚባለው ነገር የመጣው ሠራተኛ ንብረት ሰርቆ እንዳይጠፋ ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው ሰው እውነት እንዳይናገር ሆኗል!

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው «ተመርምረው ይባረሩ» የሚል አይደለም። እንዲያ ከተባለ ሁሉም ቁጥሩን እንደገና ይሸመድዳል፤ የሚያስጠና ደግ ሰውም አይጠፋም፣ እኔ ምስክር ነኝ። የምጠይቀው ይህን ነው። ባቡር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የነጂዎቹን ዓይን በራሱ ሐኪም፣ በዝግ ክፍል፣ በባለቀለም ፋኖስ ጭምር ደግሞ ያስመርምር፤ ምርመራውን ለኤጀንሲ አይስጥ። ከዚያ በፊት ግን ቀን ይቁረጥና «እስከዚህ ቀን ራሱ መጥቶ የተናገረ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ይዛወራል፣ እሱም ተያዡም ሳንቲም አይጠየቁም» ብሎ በጽሑፍ ይለጥፍ። ለመሆኑ የአንድ ሰው ሥልጠና ስንት ቢፈጅ ነው? የጂቡቲው መስመር ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ በቻይናውያን እጅ ሲሠራ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም ለራሳችን ሰዎች ተላልፏል። የቀላል ባቡሩም ከሼንዘን ሜትሮ እጅ ወጥቶ የኛ ልጆች ናቸው የሚያንቀሳቅሱት። ደስ ይላል፣ ያኮራልም። ከእንግዲህ ግን «ቻይናዎቹ ናቸው» ብለን የምናመካኝበት የለም።

ሌላም አለ። ፈተናን ሁላችንም እንደ ጠላት ምሽግ ነው የምናየው፤ አንዱ ካለፈ ሌላውን ይጎትታል፣ ያልጎተተ «ክፉ» ይባላል። እኔ ያን ቀን ኮሪደር ላይ ሐዲዱ ትዝ አላለኝም፣ ተሳፋሪውም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ሁለታችንም ሥራ የሌለን መሆናችን ብቻ ነው። ኤጀንሲው በሩን አልዘጋም፤ እኔም አፌን አልዘጋሁም።

ይህን ከመጻፌ በፊት ደወልኩለት። «ስምህን አልጠቅስም፣ ግን እጽፈዋለሁ» አልኩት። ዝም አለ። ልጅ ከኋላው ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ ሁለተኛው ልጁ ነው መሰለኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ጻፈው» አለኝ። «ብቻ የተያዡን ነገር አትርሳ፤ እሱን ካነሱልኝ በማግስቱ ነው የምሄደው።»