የመጀመሪያው መርፌ ቡራዩ ላይ ይሰጥ

አኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ በልጆች ላይ እምብዛም የማይታይ፣ ሲመጣ ግን የሚቸኩል የደም ካንሰር ነው። የሚድነው በከባድ ኬሞ ሲሆን፣ ኬሞው መቅኒውን ለሳምንታት ያደክመዋል። ነጭ የደም ሴል ሲመናመን፣ ጤነኛ ልጅ የሚቋቋመው ጀርም ይህን ልጅ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ካተኮሰው፣ በ1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ እንዲሰጠው የዓለም የሕክምና መመሪያዎች ያዝዛሉ።

የዚህ ሕክምና ዋና ማዕከላችን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከሩቅ ለመጣ ቤተሰብ ማረፊያ እንደሚያስፈልገው ሁሉም ይረዳል፤ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት በዚህ በኩል ብዙ ሸክም አቅልሏል። የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ልጅ ግን ቅርብ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ የቀን ቅርበት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልጇ ያተኮሰባት እናት ኮንትራት ታክሲ ፈልጋ፣ ከቡራዩ ተነስታ፣ ካርድ አውጥታ ተራ እስኪደርሳት ያቺ አንድ ሰዓት ታልቃለች። ኬሞው የሠራውን ትኩሳቱ ያፈርሰዋል።

እኔ የምለው የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መርፌ እዚያው ቡራዩ ይሰጥ ነው። የጥቁር አንበሳ ሐኪሞች የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን በልጁ ካርድ ላይ አስቀድመው ይጻፉ፤ ሌሊት የሚሠራ የአካባቢው ጤና ተቋም ካርዱን አይቶ ይውጋና በአምቡላንስ ይላክ። የጤና ጣቢያ ነርስ የካንሰር ባለሙያ አይደለችም የሚል ስጋት ይነሳል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚፈለግባት ኬሞ መስጠት ሳይሆን በየቀኑ የምትሠራው ሥራ ነው። ያለ ልክ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ጀርሙን ያላምዳል የሚለውም ተገቢ ነው፤ ካርዱ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው፤ ላልታዘዘለት አይሰጥም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሳንባ ምች ስንት ሕፃን በሚሞትበት አገር ለጥቂቶች ይህን ያህል ለምን? ጥቂት በመሆናቸው ወጪው ትንሽ ነው፤ ለእነሱ የሚዘጋጀው የሌሊት ተረኛና አምቡላንስ ደግሞ የሳንባ ምቹንም ልጅ ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረው ዕቅድ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው በ2030 በሕይወት እንዲቆዩ ግብ ተቀምጧል። ቡራዩ የሚገኝበት የሸገር ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤትና ጥቁር አንበሳ ቁጭ ብለው ይህን ካርድ ያዘጋጁ፤ ሥራውም ከቡራዩ ይጀመር።