የከሰረ ሁሉ አልተረገመም

በደባርቅና በዳባት ያለን አማኞች በቴክኖሎጂ የበለጸገ ሰው ስናይ «እግዚአብሔር ባርኮታል» ለማለት እንቸኩላለን። ሥራው ሲወድቅስ ምን እንላለን?

ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት አዲስ አበባ የተወለደውን ኖህ ሳማራን እንመልከት። አሜሪካ ሕግ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ወርልድስፔስ የተባለውን የሳተላይት ሬዲዮ ድርጅት መሠረተ። በ1998 አፍሪስታር ሳተላይት መጠቀች። ከ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የምታሰራጨው ድምፅ እንደ ስሜን ባሉ ተራሮች ግርጌ ላለ ሰው ሳይቀር የሚደርስ ነበር። የሳማራ ራእይ ትምህርትና የጤና መረጃ ላልደረሰው ማድረስ ነበር። ነገር ግን መቀበያው ሬዲዮ ለድሃው ውድ ሆነ፤ ዕዳውም በዛ፤ በ2008 ድርጅቱ ከሰረ። እርሱ ግን ራእዩን አልጣለም፤ ትምህርትን በሳተላይት ወደ ታብሌት የሚያደርስ ያዝሚ የተባለ ሥራ ጀመረ።

ወገኖች ሆይ፣ በመክሊቱ ምሳሌ ጌታው የወቀሰው ነግዶ የከሰረውን አይደለም፤ መክሊቱን የቀበረውን ነው። በረከትን በትርፍ ብቻ የሚለካ ትምህርት፣ ሱቁን የዘጋውን ወንድማችንን ከኪሳራው ይልቅ በኀፍረት ይጎዳዋል፤ ከጉባኤም ያርቀዋል። እንግዲያው «ምን ኃጢአት ሠርቶ ይሆን?» ማለታችንን ትተን፣ ቤቱ ሄደን አብረነው እንጸልይ፤ እንደገና እንዲጀምርም በእጃችን ካለው እናካፍለው።