አዳማ የሙዚቃ ፌስቲቫል ይገባታል

ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴሎቻችን አውደ ጥናት ያስተናግዳሉ፣ ገልማ አባ ገዳን የመሰለ አዳራሽም አለን። ልጄ ግን ቼሎን የምታውቀው በስልክ ብቻ ነው። «እንደ ማሲንቆ በቀስት ይመታል፣ ግን አራት ክር አለው፣ ቁጭ ብለው በጉልበት መሃል ይይዙታል» ብዬ አስረዳኋት። «ታዲያ የት ሄጄ ልየው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ የጀመሩት በክራር ነው። ፒያኖን የተዋወቁት በ16 ዓመታቸው፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተምረው ተመለሱ፤ ያሬድም አስተማሩ። ዛሬ ሾፓንን በሚጫወቱበት ፒያኖ አምባሰልን ያሰማሉ። ያ ትምህርት ቤት ባይኖር ኖሮ ያ ጎበዝ ክራር ደርዳሪ ፒያኖን መቼ ያገኘው ነበር? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ የኛ ልጆች መሣሪያውን ሳያዩት ያድጋሉ።

አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ቅርባችን ናት፤ ሙዚቀኞቹ ከዚያ ሊመጡልን ይችላሉ። የከተማው ባህል ቢሮና ባለሆቴሎች ተነጋግረው ለፌስቲቫሉ በዓመት አንድ ቅዳሜና እሁድ ይስጡን። ዝግጅቱን ሙዚቀኛ ይምራው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚያውቀው እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎች በነፃ ገብተው ቀስቱን በእጃቸው ይያዙ፣ ማታ ማሲንቆና ቼሎ በአንድ መድረክ ይሰሙ። በሚቀጥለው ዓመት ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔም ይድረሳቸው።